ሹፌር አልባውን መኪና ማን መረመረው?

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለው ልጄ ሹፌር በሌለው ታክሲ እንደሚሳፈር ከነገረኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መንግሥት ሳይመረምረው መንገድ ላይ ይወጣል እንዴ?

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብሬክና መሪ ስመረምር ስለኖርኩ ጥያቄው የእኔም ነው። በአሜሪካ ሕግ መኪናው የፌዴራል የደህንነት መስፈርቶችን ማሟላቱን የሚያረጋግጠው ራሱ አምራቹ ነው፤ መንግሥት አስቀድሞ መርምሮ አያጸድቅም። መስፈርቶቹም በአብዛኛው ስለ ብሬክ፣ ስለ መብራትና ስለ ቀበቶ እንጂ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚነዳ አይደሉም። አውሮፓ ውስጥ ግን ሞዴሉ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በመንግሥት መጽደቅ አለበት። እኔም የምደግፈው ይህንን ነው።

ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎቹ አደጋ ሲደርስ ለፌዴራል መንግሥት እንዲያሳውቁ ታዘዋል። ነገር ግን ሪፖርቱን የሚጽፈው ኩባንያው ነው! በኦክቶበር 2023 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሌላ መኪና የገጫት እግረኛ ክሩዝ የተባለው ኩባንያ ታክሲ ፊት ወደቀች። ታክሲው ገጭቷት ቆመ፤ ከዚያ ዳር ለመያዝ ሲንቀሳቀስ ከሥሩ እንዳለች 6 ሜትር ያህል ጎተታት። ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የቀረበው ሪፖርት መጎተቷን አላነሳም። ካሊፎርኒያ ፈቃዱን አገደች፤ በ2024 ደግሞ ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። አስፋልት ላይ የተጎተተች ሴት ነበረች፤ ቅጣቱ ለእኔ በጣም ያንሳል። የመንግሥት መርማሪው የመኪናውን ካሜራ ቅጂ ራሱ በቀጥታ ማግኘት አለበት።

ልጅዎ ካሊፎርኒያ ከሆነ፣ የግዛቷ የተሽከርካሪ መምሪያ ፈቃድ ያላቸውን ኩባንያዎችና የአደጋ ሪፖርታቸውን በይፋ ያወጣል። ከመሳፈሩ በፊት እንዲያነበው ይንገሩት።