መጋረጃ ጀርባ ያለው ጭቃ የማነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምኖረው ባህር ዳር ነው። ሳሎን ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ግድግዳው ላይ እንደ እብጠት ያለ ጭቃ ተለጥፎ አገኘሁ፣ ለካ አንዲት ጥቁር ተርብ፣ ወገቧ ቢጫ ክር የመሰለ፣ በመስኮት እየገባች ትሰራው ኖሯል። ግማሹን በቢላ ፍቄ ሳየው ውስጡ የሞተ ሸረሪት ጢም ብሏል፣ አንዱ ጋ ነጭ ትል ነገርም አለ፣ ኧረ ቀፈፈኝ! ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ትናደፋለች? መንጋውን ይዛ ብትመጣስ? ፍሊት ልንፋባት?

መልስ፦ ፍሊቱን አስቀምጪው እህቴ። መንጋ የሚባል የላትም፣ ብቻዋን ናት። ተርብ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ያ ተሰብስቦ የሚያሳድደው ነው፣ ይቺ ግን ንግስት የላት ሰራተኛ የላት፣ ጭቃውን ከውሃ ዳር እያድቦለቦለች በአፏ ተሸክማ ብቻዋን ነው የምትገነባው፣ የምትጠብቀው ቀፎም ስለሌለ ካልጨበጥሻት ወይ ካልተጫንሻት መንደፉ ትዝ አይላትም። ወንዱማ ጭራሽ መንደፊያ የለውም።

ሸረሪቶቹ ደግሞ አልሞቱም። ነድፋ ሽባ አድርጋቸው ነው፣ ፍሪጅ የላትማ! ብትገድላቸው ይበሰብሳሉ ወይ ይደርቃሉ፣ ነጩ ትል (ልጇ ነው) ትኩስ ስጋ ይፈልጋል። አንዱ ክፍል ውስጥ 10ም 20ም ሸረሪት ታጭቃለች፣ አንዷ ላይ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ በጭቃ ትደፍንና ወደ ሚቀጥለው ክፍል። ልጇን ግን ዞር ብላ አታየውም፣ እሷ ራሷ በአብዛኛው የአበባ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው የምትቀምሰው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ደሞ ወንድ ይሁን ሴት የምትወስነው እሷ መሆኗ ነው፣ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ አስቀምጣ ለእንቁላሉ ከለቀቀችለት ሴት፣ ካልለቀቀችለት ወንድ ይሆናል፣ ስለዚህ ወንዱ አባት የለውም በቃ።

ጣጣዋ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ቀዳዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አካባቢ ባህር ላይ ወድቆ 189 ሰው ያለቀበት ቦይንግ 757 የፍጥነት መለኪያ ቱቦው ተደፍኖ ነበር፣ የደፈነውም የጭቃ ተርብ ሳይሆን አይቀርም ነው የተባለው፣ አውሮፕላኑ ለሳምንታት ሳይበር ቆሞ፣ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ቀናትም ቱቦው ሳይሸፈን ቀርቶ ነበርና። አንቺም ቤት ክፍት የቀረ ቱቦ ምናምን ካለ ድፈኚው።

የቀረውን ጭቃ ክብ ክብ ቀዳዳ ሲያወጣ ጠብቂ፣ ልጆቹ በልተው አድገው በስተው ወጡ ማለት ነው። ያኔ በውሃ አርሰሽ ፋቂው፣ ቀለሙም አይላጥብሽ። ዳግም እንዳትመጣ ከፈለግሽ መስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ አስመቺ፣ ለወባ ትንኙም ይሆንሻል።