ኩስኩስ የማን ነው? እንዴትስ ይሰራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ከሀዋሳ ነው የምጽፈው። ኩስኩስ ከሱፐርማርኬት ገዝቼ እንደ ሩዝ ብቀቅለው ገንፎ ሆኖ ቀረ። አንዱ የአረብ ምግብ ነው ይላል ሌላው የሞሮኮ፣ እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ኩስኩስ ራሱን የቻለ እህል አይደለም፣ እንደ ፓስታ ከዱረም ስንዴ ነው የሚሰራው፣ ሻካራው ዱቄት ላይ ጨውና ውሃ እየረጩ በእጅ ያድቦለቡሉታል፣ ከዛ ወጡ ከስር እየተንተከተከ እሱ ከላይ ቀዳዳ ባለው ድስት በእንፋሎት ይበስላል፣ ያውም ሁለት ሶስቴ እየወረደ እየተፈረፈረ። ስሩ ደግሞ አረቦች ከመምጣታቸው በፊት ሰሜን አፍሪካ የነበሩት አማዚጎች (በርበሮች የሚባሉት) ጋር ነው፣ ይሄ ነገር መነገር አለበት ባይ ነኝ። የሞሮኮ ብቻም አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው አልጄሪያ፣ ሞሪታኒያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ በጋራ ነው ያስመዘገቡት። ሞሮኮ ውስጥ አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤተሰብ ካንድ ትሪ ከቦ ይበላዋል፣ ልክ እንደኛ ማዕድ።

የፓኬቱ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ አትቀቅዪው፣ ከኩስኩሱ ጋር እኩል የሆነ የፈላ ውሃ አፍስሰሽ 5 ደቂቃ ክደኚውና በሹካ በትኚው።

ሀዋሳ ሆነሽ ደግሞ ቆሮሶ ዓሣ እያለልሽ! ሞሮኮዎች ቸርሙላ የሚሉት አለ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ የድንብላል ቅጠል፣ ሎሚና ዘይት፣ ዓሣውን በሱ አሽተሽ ካሮት ከስር አንጥፊለት እንዳይያዝ። ሾጣጣ ክዳን ያለው የነሱ ጣጂን ባይኖርሽ የሸክላ ድስትሽን ግጥም አድርገሽ ክደኚ፣ እሳቱ ብቻ ቀስ ይበል።