ነጠላው በራ፣ ፊቱ ጠቆረ፦ የፎቶ አንሺ አንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ፎቶ ማንሳትን በትርፍ ሰዓታቸው ከሚለማመዱ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

«በበዓል ቀን ቤተሰቤን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሳነሳ ወይ ነጠላው ወረቀት መስሎ ጥለቱ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ ፊታቸው ጨልሞ ዓይናቸው አይታይም። ካሜራዬ ከ18–55 ሌንስ ጋር የመጣ ካነን ነው። ስልኬም ያው ነው። ምን ላድርግ?» — ከጎንደር

ካሜራው ነጠላ ይሁን ደመና አያውቅም። የሚለካው ብርሃን ብቻ ነው፤ ያየውንም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ማውጣት ይፈልጋል። ነጭ የለበሱ ሰዎች ፍሬሙን ሲሞሉት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ያኔ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጨለማ ይሆናል። ከኋላቸው ጥቅጥቅ ያለ የጽድ ጥላ ካለ ደግሞ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ነጠላው ይቃጠላል፣ ማለትም ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ጥለቱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሁለት የተለያየ ውጤት የሚያገኙት ለዚህ ነው።

ቁልፍ ከመነካካትዎ በፊት ሰዎቹን ቦታ ያስለውጧቸው። ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚያስተካክል ቁልፍ የለም። የግንብ ወይም የበረንዳ ጥላ ይፈልጉ፤ ከጥላው ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብተው ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ያዙሩ። የዛፍ ጥላ አያምርም፤ በቅጠሉ መሃል የሚሾልከው ፀሐይ ፊት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይጥላል። ከሁሉ የሚከፋው የፕላስቲክ ሸራ ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ፊቱን ለማስተካከል ቀለሙን ሲያሞቁት ከሸራው ውጭ ያለው ሁሉ ብርቱካን ይሆናል።

ጥላ ከጠፋ ፀሐዩን ከጀርባቸው ያድርጉና ነጭ የለበሰ ዘመድ ከእርስዎ አጠገብ፣ ከፊታቸው አንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ያቁሙ። ነጠላውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ፀሐዩን ከተቀበለበት ብርሃኑ ተመልሶ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛው አንጸባራቂ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ካሜራው። ሞዱን «ኤቪ» (የሌንሱን ክፍተት እርስዎ መርጠው ፍጥነቱን ካሜራው የሚያሰላበት) ላይ፣ የፋይል ዓይነቱን ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው) እና ጄፔግ አንድ ላይ ያድርጉ። በሜኑው ውስጥ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ያብሩ። አንድ ፎቶ ያንሱና ይመልከቱ። ነጠላው ብልጭ ካለ የፕላስና ማይነስ ማስተካከያውን ወደ −0.7 ዝቅ አድርገው ይድገሙ። ጨርሶ የማይል ከሆነና ፊቱ ከጨለመ እስኪጀምር ድረስ በ0.3 እየጨመሩ ይሂዱ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ይመለሱ። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው ብዙ ጊዜ +0.7 እና +1 መካከል ያርፋል። ጥቂት የጨለመ ፊት ኋላ በኤዲት ይነሳል፤ የተቃጠለ ጥለት ግን ፋይሉ ውስጥ ስለሌለ ማንም አይመልሰውም። ስልክ ላይ ፊቱን ነክተው ሳይለቁ ይቆዩ፤ ፎከሱና ብርሃኑ ሲቆለፉ አጠገቡ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ጥለቱ እስኪታይ ድረስ ወደ ታች ይሳቡ።

«እኔም ያለኝ ከ18–55 ሌንስ ጋር የመጣ ካነን ነው። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የማነሳው ሁሉ ብዥ ይላል። ፍላሽ ስጠቀም ደግሞ የዕጣኑ ጭስ ይጠፋና ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይወጣል። ሻጩ ‹50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ግዛ› ይለኛል። ልግዛ?» — ከአዳማ

ገንዘቡን ለጊዜው ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። «ብዥ» የሚባለው ሦስት የተለያየ በሽታ ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ፎቶውን እስከ መጨረሻው አጉልተው ይመልከቱ። ግድግዳውም፣ ሲኒውም፣ ሰውየውም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ የተንቀጠቀጠው የእርስዎ እጅ ነው። ረከቦቱ ጥርት ብሎ የቡና ቀጂዋ እጅ ብቻ ከተጎተተ የተንቀሳቀሰችው እርሷ ናት። ከኋላ ያለው መጋረጃ ጥርት ብሎ ፊቷ ከለሰለሰ ደግሞ ፎከሱ ስቷል። ሌንሱ ላይ ያለው የንቅናቄ መከላከያ የሚረዳው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ለእጅ ንቅጥቅጥ፣ እንደ እርስዎ ባለ አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ካሜራ ላይ ዙሙ 55 ከሆነ የሹተሩ ፍጥነት፣ ማለትም መዝጊያው ክፍት የሚቆይበት ጊዜ፣ ከ1/100 ሰከንድ አይዘግይ። ቡና ለምትቀዳ እጅ 1/125 ይበቃል፤ ቡናው እንደ ክር ወጥ ሆኖ ይታያል። ጠብታው እንዲለይ ከፈለጉ 1/500 ይጠይቃል።

ታዲያ ይህን ፍጥነት ከየት ያምጡት? ኤፍ የሚባለው የሌንሱ ክፍተት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል። ሌንስዎ 55 ላይ ሲሆን ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ የሚያገኙት ወደ 1/60 ገደማ ነው። ዙሙን ወደ 24 መልሰው ሁለት እርምጃ ቢጠጉ ሌንሱ ኤፍ 4 ገደማ ይከፈታል፤ ብርሃኑ እጥፍ ስለሚሆን 1/125 አገኙ ማለት ነው። ይህን ያገኙት አንድ ብር ሳያወጡ ነው። አይኤስኦ 3200 ቢያደርጉት 1/250 ይሆናል። የሚመጣው ነጠብጣብ በስልክም ሆነ ፖስት ካርድ በሚያህል ወረቀት ላይ ብዙም አይታይም፤ ብዥ ያለ ፊት ግን በየትኛውም መጠን ብዥ ነው።

የ50ው ሌንስ ነገር እንዲህ ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል፤ ሻጩ እዚህ ላይ አልዋሸም። ያልነገረዎት የክፍልዎን ስፋት ነው። ተቀምጣ የምታፈላን ሴት ከነረከቦቷ፣ ከላይና ከታች ትንሽ ቦታ ትተው በአግድም ፍሬም ለማስገባት ቁመቱ 1.5 ሜትር ያህል ይሆናል። ለዚህ በ50 ሌንስ 5 ሜትር መራቅ አለብዎት። በ35 ሌንስ 3.5 ሜትር፣ በ24 ደግሞ 2.4 ሜትር ይበቃል። ሳሎንዎ 4 ሜትር ከሆነ በ50ው በሩን ከፍተው ውጭ ሊቆሙ ነው። ቤት ውስጥ ለማንሳት የሚገዛ ሰው 35ን ቢመርጥ ይሻለዋል። በ50ው ላይ ሌላም ነገር አለ፦ በ1.5 ሜትር ርቀት በኤፍ 1.8 ሲያነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዓይኗ ላይ ፎከስ ካደረጉ ጀበናው መለስለሱ አይቀርም።

ጭሱን በተመለከተ፣ ካሜራው ላይ የተገጠመ ፍላሽ ከፊት ለፊት ስለሚመታው ያጠፋዋል። ጭስም እንፋሎትም ጎልቶ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመጣና ከበስተጀርባው ጨለማ ሲኖር ነው። ረከቦቱን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል አርቀው ያስቀምጡ፤ መስኮቱ በእርስዎ ዓይን ከቡናው ወደ ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን እንጂ ፍሬሙ ውስጥ አይግባ። ከጭሱ ጀርባ ጥቁር መጋረጃ ወይም በጥላ ያለ ግድግዳ ይግጠም። አምፖሉን ያጥፉት፤ የመስኮት ብርሃን ሰማያዊ፣ የአምፖል ብርሃን ቢጫ ስለሆነ ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹ ፊት የታመመ ይመስላል። ዕጣኑ ከሰሉ ላይ እንዲደረግ የሚጠይቁት ፎከስዎን ካስተካከሉ በኋላ ይሁን። የመጀመሪያው ወፍራም ጭስ ቶሎ ያልፋል።

«አምፖል ሥር የማነሳው ቪዲዮ ላይ የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ካሜራውን እህቴ ከአሜሪካ ነው የላከችልኝ። ተበላሽቶ ይሆን?» — ከደሴ

ካሜራዎ ደህና ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲና ሸምበቆ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። አሜሪካ 60 ሄርዝ ነው፤ ከዚያ የመጣ ካሜራም ብዙ ጊዜ በዚያው ተስተካክሎ ይመጣል። ሜኑው ውስጥ የቪዲዮ ሥርዓቱን «ኤንቲኤስሲ» ከሚለው ወደ «ፓል» ይቀይሩ፣ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያቁሙ። ፎቶ ሲያነሱም መስመር ከታየ፣ ድምፅ የማያሰማውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ያጥፉት። ሳዑዲ ያላችሁ አንባቢያን፣ የእናንተ 60 ነው፤ 1/60 ወይም 1/120 ተጠቀሙ።

«ለገና መጥቼ እስከ ጥምቀት አዲስ አበባ ነበርኩ። ‹ወርቃማው ሰዓት› የሚሉትን የጠዋት ብርሃን ለመያዝ ስወጣ ሁልጊዜ አምልጦኛል። እኔ በምኖርበት አገር እንዲህ አይቸኩልም።» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እውነትዎን ነው፣ ይቸኩላል። ምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በእነዚያ ቀናት አዲስ አበባ ላይ ብቅ የምትለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። ወርቃማው ብርሃን እስከሚያልፍበት፣ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ለመድረስ የሚፈጅባት 45 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ እርስዎ ዘንድ በዚያው ወር ከአንድ ሰዓት በላይ ትወስዳለች። ልዩነቱ ደግሞ በዚህ አያበቃም። በጥር እኩለ ቀን ላይ ሜሪላንድ ያለችው ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል ቀኑን ሙሉ ለፎቶ ምቹ የሆነ የጎን ብርሃን አለዎት፤ አዲስ አበባ ግን 60 ዲግሪ ትደርሳለች። ለሰሜን አገር የተጻፈ መመሪያ ይዞ አዲስ አበባ የወጣ ሰው አርፍዶ የወጣ ነው።

ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታዎ ላይ ተገኝተው፣ ካሜራውን አስተካክለው ይጠብቁ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሰው ቁርስዎን መብላት ይችላሉ። ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት ከ35 እስከ 12 ሰዓት ከ20 ድረስ አለዎት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰማያዊ ድንግዝግዝ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶ አውጥተው የፀሐይ ምልክቱ ላይ ያድርጉት። አውቶው ወርቃማውን ቀለም ስህተት መስሎት ያጸዳዋል።

«ስድስት ወር ሆነኝ። ወደ 4,000 ፎቶ አንስቻለሁ፤ ለውጥ ግን አይታየኝም። ኮርስ ልግባ?» — ከሐዋሳ

ኮርሱ አይጎዳዎትም፤ ግን 4,000 ፎቶ ተነስቶ ስንቱ መለስ ተብሎ ታየ? ለአንድ ወር ይህን ይሞክሩ። ዙሙን 35 ላይ አድርገው በፕላስተር ይለጥፉት። አንድ ቦታ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ሰፈርዎ ያለች አንዲት ጉሊት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዴ ጠዋት አንዴ አመሻሽ፣ በእያንዳንዱ ቀን 30 ፎቶ ብቻ ያንሱ። አሥሩ ፀሐዩን ከጀርባዎ አድርገው፣ አሥሩ ከጎን፣ አሥሩ ፀሐዩን ፊት ለፊት ገጥመው ይሁኑ። ቲማቲሙ ላይ ያለው ውሃ የሚያበራው፣ የበርበሬው መደብ ሻካራነት የሚታየው በየትኛው እንደሆነ በዓይንዎ ያያሉ።

ማታ ፎቶዎቹን ከፍተው ሦስት ብቻ ያስቀሩ። ከቀሩት 27 አጠገብ በደብተር ላይ አንድ ቃል ይጻፉ፦ «እጅ»፣ «ንቅናቄ»፣ «ፎከስ»፣ «ብርሃን»፣ «ዳራ»። ሹተር፣ ኤፍና አይኤስኦውን ፋይሉ ራሱ መዝግቦታል፤ የፎቶውን ዝርዝር ሲከፍቱ ያገኙታል። በአራት ሳምንት 240 ፎቶ ይኖርዎታል፤ ከአንዱ ቃል ሥር የተከመረው የእርስዎ ችግር ነው። ብዙ ጀማሪ «ካሜራዬ ደካማ ነው» ብሎ ሲያማርር ቆይቶ ደብተሩ ላይ የሚያገኘው «ዳራ» የሚለውን ነው፦ ከሰው ራስ ላይ የበቀለ የመብራት ምሰሶ፣ ጆሮ አጠገብ የተሰቀለ ቢጫ ጀሪካን። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ቢሄዱ ይጠፋ ነበር።

ባለ ጉሊቷን መጀመሪያ «እናቴ፣ ላንሳዎት?» ብለው ይጠይቁ፤ እንቢ ካሉ ያው እንቢ ነው። ከፈቀዱ ፎቶውን ያሳዩዋቸው፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን አሳጥበው ይውሰዱላቸው። ከዚያ በኋላ ካሜራውን እያዩ ደርቀው አይቀመጡልዎትም።

«ፎቶ ለማሳጠብ ሚሞሪ ካርዴን ማሳተሚያ ቤት ሰጥቼ ስመለስ ፎቶዎቹ የሉም፤ ሾርትከት ብቻ ነው የሚታየው።» — ከጅማ

ሳይጠፉ አይቀርም ብለው አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። በዚያ ካርድ ተጨማሪ ፎቶ አያንሱ፣ ፎርማትም አያድርጉ፣ ሾርትከቱንም አይክፈቱ። ቫይረሱ የጸዳ ኮምፒውተር ላይ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ አብርተው ይፈልጉ። ካልተገኙ ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ያስሰዋል፤ ያገኘውን ካርዱ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡት። ሁሉን ካወጡና ፎቶዎቹ መከፈታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉ።

ለወደፊቱ፣ ትልቁ ኤስዲ ካርድ ጎን ላይ ትንሽ ተንሸራታች ቁልፍ አለች። ለሰው ከመስጠትዎ በፊት ወደ ታች ይግፏት፤ አብዛኞቹ ማንበቢያዎች ያኔ ካርዱን ያነባሉ እንጂ አይጽፉበትም፣ ቫይረሱም መግቢያ ያጣል። ካሜራው ውስጥ ሲመልሱት «ካርዱ ተቆልፏል» ካለዎት ቁልፏን ወደ ላይ ይመልሷት። ከዚህም የሚሻለው ማሳተሚያ ቤት የሚወሰደውን 20 ወይም 30 ፎቶ ብቻ በርካሽ ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ ዋናውን ካርድ ቤት መተው ነው።