መልስ፦ ካይሮ ምግብ ቤት ውስጥ የጾም ምን ልዘዝ?

ኮሸሪ እዘዢ። ሩዝ፣ ምስር፣ ማካሮኒና ሽምብራ ተደባልቆ፣ ከላዩ የቲማቲም ስጎና የተጠበሰ ሽንኩርት ይደረግበታል። አንዱ ሳህን ያጠግባል።

ጣእሚያም ይሆንሻል። ያው ፈላፍል፣ ተፈጭቶ በዘይት የሚጠበስ የጥራጥሬ ድቡልቡል ነው፤ ግብፆች ግን የሚሠሩት ከባቄላ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጪ፣ ቅጠላ ቅጠሉ ነው።

አስተናጋጁን "ሲያሚ" በዪው፣ የጾም ማለት ነው። አገሩ ኮፕቶች (የግብፅ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች) ስላሉበት ቃሉን ያውቀዋል። እነሱ ግን በአንዳንድ ጾም ዓሣ ይበላሉ። ስለዚህ ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ።

ሞሎኪያን ተጠንቀቂ። ሲያዩት የጎመን ወጥ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን በዶሮ ወይም በሥጋ መረቅ ነው። ለእኔ የነገሩኝ ሳህኑን ካጋመስኩት በኋላ ነው።