የልብሱ ሳሙና ለሳህን፣ የሳህኑ ለልብስ ይሆናልን?

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም ስለ ልብስና ስለ እቃ ማጠቢያ ሳሙናዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ስትመጣ ትንሽ የእቃ ማጠቢያ ማሽን አምጥታልኝ ነበር። አብሮት የመጣው የሳሙና ታብሌት ካለቀ ወር አልፎታል። በሰፈራችን ሱቆች የማገኘው የልብስ ዱቄት ሳሙናና በእጅ ሳህን የምናጥብበትን ፈሳሽ ሳሙና ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ከፈሳሹ ጥቂት ጠብ አድርጌ ማሽኑን ባስነሳው አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ የወጥ ቤቱን ወለል ሸፈነው። ዱቄቱን ብሞክር ይሻል ይሆን?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ዱቄቱንም አይሞክሩት። በእጅ ስናጥብ ቆሻሻውን የሚያስለቅቀው ከሳሙናው ጋር የሚሠራው መዳፋችንና ስፖንጁ ስለሆነ አረፋ ቢበዛ የሚያደናቅፈን ነገር የለም። በማሽኑ ውስጥ ግን የእጅን ሥራ የሚሠራው ከሚሽከረከሩት ክንፎች ቀዳዳ በግፊት የሚረጨው ውሃ ነው፤ አረፋ ሲሞላበት ፓምፑ ከውሃው ጋር አየር እየሳበ ግፊቱ ይደክማል፣ ሳህኑ ሳይጸዳ ይቀራል፣ የተረፈውም እንዳዩት በበሩ ሥር ይወጣል። ስለዚህ ለማሽን የሚዘጋጀው ሳሙና አረፋ እንዳያበዛ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ቅባትን ከሚበታትኑት እንደ ሶዲየም ካርቦኔት ካሉ ጨዎች፣ የቡናና የሻይ እድፍን ከሚያነጣው ፐርካርቦኔት፣ በሳህን ላይ የደረቀ ሽሮን ወይም እንቁላልን ከሚቆራርጡት ኢንዛይሞች፣ እንዲሁም ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ከሚሞቀው ውሃ ነው። እጅ ስለማይነካውም ለቆዳ ሳይጨነቁ ጠንካራ አድርገው ሊሠሩት ችለዋል።

የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ ከአረፋው ሌላ ሁለተኛ ችግር አለበት። ነጭ ልብስ ይበልጥ ነጥቶ እንዲታይ ሲባል በጨርቁ ላይ ተጣብቀው የሚቀሩ ብርሃን አንጸባራቂ ንጥረ ነገሮችና ሽቶ ይጨመሩበታል፤ እነዚህ ምግብ በሚቀርብበት ሳህን ላይ እንዲቀሩ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። እኔ በበኩሌ እንዲህ በታጠበ ሳህን ለልጅ ምግብ አላቀርብም። በተቃራኒውም የማሽኑን ታብሌት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ መጨመር የልብሱን ቀለም ያለቅቃል፣ በእጅ ከታጠበበትም ቆዳን ይልጣል።

አሁን በማሽኑ ውስጥ የቀረውን አረፋ ለማጥፋት በሩን ከፍተው የቻሉትን ያህል በጨርቅ ያውጡ፤ ከዚያም በማሽኑ ውስጠኛ ወለል ላይ አንድ እፍኝ ጨው ነስንሰው ወይም አንድ ስኒ ኮምጣጤ አፍስሰው፣ እቃ ሳያስገቡ የማለቅለቂያውን ዙር አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመው ያስኬዱት። ትክክለኛውን የማሽን ሳሙና አዲስ አበባ ከሚገኙ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ማስመጣት ይቻላል፤ መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚመላለስ ዘመድ አይጠፋም። ማሽንዎ ትንሽ ስለሆነ ከታብሌቱ ይልቅ ለእቃ ማጠቢያ ማሽን የተሠራውን ዱቄት እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ ታብሌት ለትልቅ ማሽን ተመጥኖ የተጠቀጠቀ ሲሆን ዱቄቱን ግን እንደ እቃው ብዛት መቀነስ ይችላሉ። የትኛውንም ቢገዙ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። ታብሌቱ ከረሜላ ይመስላል፤ ከተዋጠ ግን አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል።

ማሽን ውስጥ የማይገቡ እቃዎች መኖራቸውንም ልብ ይበሉ። የአሉሚኒየም ድስት በዚያ ጠንካራ ሳሙና ይጠቁራል፤ ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተሳለ የቡና ስኒዎች ከጥቂት እጥበት በኋላ ጌጣቸው ይለቃል። ጀበናና የሸክላ ድስት ሳሙናውን ወደ ውስጥ ስለሚመጥጡት ከማሽኑም ከፈሳሽ ሳሙናም መራቅ አለባቸው፤ ጀበና እንደ ወትሮው በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።

ሳሙናው እስኪመጣልዎ ድረስ በእጅ ማጠብዎ አይቀርምና፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ቅቤ የነካውን ሳህን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አይጀምሩት። ቅቤ የሚቀልጠው ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋና የፈሰሰው ሳሙና ሁሉ በከንቱ ይሄዳል፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ከግማሽ ጠርሙስ ሳሙና ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ከመንዝ የበግ ጸጉር የተሠራ ዝተት አለን። «እድፍን በኢንዛይም ያጠፋል» የሚል ጽሑፍ ባለበት የዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ አጥበነው ሳስቷል፤ በአንዳንድ ቦታም ጸጉሩ እየረገፈ ነው። ሳሙናው የተበላሸ ይሆን?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ሳሙናው የታዘዘውን ሠርቷል፤ ዝተቱ ለእርሱ የሚሆን ጨርቅ አልነበረም እንጂ። ደምን፣ ወተትንና እንቁላልን ከጥጥ ልብስ የሚያስለቅቀው ኢንዛይም ፕሮቲንን የሚቆራርጥ ነው፤ የበግ ጸጉርም ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ ኢንዛይሙ እድፉን ከጸጉሩ ለይቶ አያውቅም። የዱቄት ሳሙናው አልካሊነት (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ጠባዩ) ይጨመርበትና ጸጉሩን ይበልጥ ያደክመዋል። በረኪና ከነካውማ ጸጉሩ ይቢጫል፣ ቀስ በቀስም ይሟሟል።

እዚህ ላይ ነው የሳህኑ ፈሳሽ ሳሙና ከልብሱ ዱቄት የሚሻለው። ለእጅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጠባዩ ለዘብተኛ ነው፣ የበግ ጸጉር የያዘውንም ቅባት በደንብ ያስለቅቃል። በትልቅ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይሙሉ፣ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበጥብጡ፣ ዝተቱን ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው በመዳፍ ብቻ ይጫኑት። አይሹት፣ አይጭመቁትም። የሚያለቀልቁበት ውሃ ሙቀቱ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ ይሁን፤ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ እየተገለባበጠ ሲታሽ ጸጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል። የአያቴ በርኖስ በዚህ ዓይነት ስህተት ለልጅ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ስላየሁ ነገሩን አጥብቄ እናገራለሁ። በመጨረሻም በገመድ ላይ ሳያንጠለጥሉ በንጹሕ ሣር ወይም በሰሌን ላይ ዘርግተው ያድርቁት። የረገፈው ጸጉር አይመለስም፤ የተረፈው ግን በዚህ አያያዝ ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ስድስት ዓይነት የልብስ ሳሙና አለ፤ እኛ የምንመርጠው በአረፋውና በዋጋው ነው። የጉድጓድ ውሃ ስለምንጠቀም የደረቁ ሳሙና በሳፋው ዙሪያ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። በነጠላ ላይ ያረፈ የወጥ ጠብታም በየትኛውም አልለቅ ብሎናል። እንዴት እናወዳድር?
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ነጩ ዝቃጭ ውሃችሁ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት መሆኑን ይነግራችኋል። ደረቅ ሳሙና ከእነዚህ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነገር ይሆንና በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ነጭ ልብስ እያደር አመድማ የሚመስለውና ድርቅ የሚለው በዚህ ነው። የዱቄት ሳሙና ግን እንዲህ ያለውን ውሃ ይበልጥ ስለሚችለው በእናንተ ቤት ለልብስ ዱቄቱ ይቅደም።

በአረፋ ግን አትመኑ። አረፋ ሳሙና መኖሩን እንጂ እድፍ መልቀቁን አያሳይም። የማወዳደሪያው መንገድ ቀላል ነው፦ ከአንድ አቡጄዲ እኩል ቁራጮች ቅደዱ፣ በእያንዳንዱ ላይ ከአንድ ድስት የተጨለፈ እኩል ወጥ ጠብ አድርጋችሁ ለአንድ ሌሊት አሳድሩ፤ ከዚያም በተመሳሳይ መጠን ውሃ፣ ለተመሳሳይ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ፓኬት የሚያዝዘውን ያህል ሳሙና ሰፍራችሁ እጠቡና ከደረቁ በኋላ በጥላ ሥር ጎን ለጎን ተመልከቷቸው። ዋጋውንም በኪሎ ሳይሆን በእጥበት አስሉት። አንዱ ሳሙና ለአንድ እጥበት 50 ግራም፣ ሌላው 100 ግራም የሚጠይቅ ከሆነ ከአንድ ኪሎው የመጀመሪያው 20 ጊዜ ሁለተኛው 10 ጊዜ ያጥባልና፣ የመጀመሪያው በኪሎ አንድ ተኩል እጥፍ ቢያስከፍል እንኳ ርካሹ እርሱ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ፓኬቱ ላይ «አውቶማቲክ» የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ የእጁ ዱቄት ለማሽን አረፋው ይበዛል።

የነጠላውን እድፍ በተመለከተ፣ የበርበሬው ቀይ ቀለም በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሟ ነው። ስለዚህ ጠብታው እንዳረፈ ውሃ አታፍስሱበት። ጨርቁ ደረቅ ሳለ አንድ ጠብታ የሳህን ፈሳሽ ሳሙና በእድፉ ላይ አድርጋችሁ በጣት ጫፍ ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያላችሁ እሹት፣ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ለብ ባለ ውሃ አልቅልቁትና ከዚያ በኋላ በዱቄቱ እጠቡት። የቀረ ጥላ ካለ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ይጨርሰዋል። የአልጫ ወጥ እድፍ ግን ሳሙና ሲነካው ቢጫው ድንገት ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ታያላችሁ፤ ይህ እርዱ ከአልካሊው ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ጠባይ ነውና አትደንግጡ፣ በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል፣ ቢጫውንም ፀሐይ ያደበዝዘዋል። ደንግጦ በረኪና ማፍሰስ የነጠላውን ጥለት ያበላሻል። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይደረግ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነው። ሳሙና ሲወደድ ሳህንም ልናጥብበት አሰብን፤ ይቻላል?
ከአንኮበር

መልስ፦ ለጋቢው እናትዎ ትክክል ናቸው፤ የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለው ነጭ ጥጥን ሳይጎዳ ያነጣል። ለሳህን ግን አይሆንም፤ ያው ሳፖኒን መርዛማ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ምክንያት ነበር። ዓሣንም ስለሚገድል ያጠባችሁበትን ውሃ ወደ ወንዝ አትልቀቁት፤ ሰፌድና ሞሰብ በሚቀመጥበት ስፍራም ፍሬውን አትውቀጡ።