«ምን ሆነ?» ሲሏችሁ፦ ለድሬ ሞተረኞች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ሞተሩን እየገፋ ጋራዤ መጣ። መሪው ተጣሟል፣ የፍሬኑ እጀታ ተሰብሯል። እሱ ደህና ነው፣ ክርኑ ብቻ ተልጧል። «ምን ሆነ?» አልኩት። «አቦ ጋሼ፣ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፍሬኑን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ሸራው ደህና፣ ዘይቱ ሙሉ፣ ምንም የለበትም። በማግስቱ ጓደኛው እውነቱን ነገረኝ። በሐረር መንገድ ደንገጎ ዳገት ላይ አይሱዙ ለመቅደም ሲወጣ ኩርባው ቀድሞት ደርሷል።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ልወቅሰው አይደለም። በእሱ ዕድሜ እኔ ከዚያ የባሰ አድርጌያለሁ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ጣሊያን አገር የሞተር መካኒክ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጠይቀው ሄጄ ሥራው ወደሚገኝበት ሙጄሎ ይዞኝ ሄደ። የጣሊያን ብሔራዊ የሞተር ውድድር ሻምፒዮና አንዱ ዙር እዚያ ነበር። ሙጄሎ ቶስካና ውስጥ በኮረብታዎች መሃል ያለ የውድድር መንገድ ነው። 5.245 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ 15 መታጠፊያ አለው። ዳገትና ቁልቁለቱ ደንገጎን አስታወሰኝ። ልዩነቱ እዚያ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ በግ የለም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን የለም።

ገና ሲነጋ መካኒኮቹ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ካቴና፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ድሬ ላይ ስጠራቸው የኖርኳቸው ቃላት ናቸው። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ሥራቸውን ግን ሰማሁት። እንባዬ መጣ።

እናንተ በቴሌቪዥን የምታዩት የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ያየሁት ሦስት ቀን ነው። ዓርብ ልምምድና የማጣሪያ ሰዓት አለ። ቅዳሜ ደግሞ ማጣሪያ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ውድድር። እሁድ ሁለተኛው። በዚህ ሁሉ ሞተሩ የሚሮጥበት ጊዜ ትንሽ ነው። የቀረው መፈተሽ ነው። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ተበስቶ በሽቦ ይታሰራል፤ ቢላላ እንኳ ሽቦው ይይዘዋል። ዘይት መንገዱ ላይ ከፈሰሰ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ይወድቃላ። ጎማዎቹ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው 80 ዲግሪ ገደማ ይሞቃሉ፤ ቀዝቃዛ የውድድር ጎማ መንገድ አይዝም። ጎማው ጥርስ እንደሌለው አይታችሁ ያለቀ ጎማችሁን እንዳታመሳስሉት። እሱ ለደረቅ አስፋልት ተብሎ የተሠራ ነው። የእናንተ ያለቀ ጎማ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን የሚያወጣበት መንገድ የለውም።

የእህቴ ልጅ የሚያገለግለው ተወዳዳሪ የ23 ዓመት ልጅ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በአባቱ ዳቦ ቤት ይሠራል። ሞተሩ ባለ 600 ሲሲ ናት። ያ መንገድ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ቦታ አለው፤ እዚያ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። መጨረሻው ላይ ሳን ዶናቶ የሚባል የቀኝ መታጠፊያ አለ። ቅዳሜ ልጁ እዚያ ወደቀ። ሞተሩ ጠጠሩ ውስጥ ተንከባለለ። «አደጋ አለ» የሚለው ቢጫ ባንዲራ ወጣ። እኔ ቆሜ ጸሎት ጀመርኩ።

ልጁ በእግሩ መጣ። ጠጠር ከልብሱ እየረገፈ ሄልሜቱን አወለቀ። ገና ውሃ እንኳ ሳይጠጣ አንድ ነገር ተናገረና ተቀመጠ። «ምን አለ?» ብዬ የእህቴን ልጅ ጠየቅኩት። «ፍሬን ዘግይቼ ያዝኩ። ሞተሩ ምንም የለበትም አለ» አለኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ጣሊያን ድረስ ሄጄ ያየሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

አስቡት። ያ ልጅ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» ቢል ኖሮ መካኒኮቹ ሌሊቱን ሙሉ ደህናውን ፍሬን ሲፈቱ ያድሩ ነበር። ደህናውን ነገር ሲነኩ ደግሞ ሊያበላሹት ይችላሉ፤ ደክሞት የሚሠራ እጅ ይሳሳታል። እውነቱን ስለነገራቸው ግን መሪውን፣ እጀታውን፣ የእግር መርገጫውን ቀየሩ፤ ጠጠሩን ጠረጉ፤ እያንዳንዱን ብሎን ዳግመኛ አጠበቁ፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተኙ። ሞተሩ ላይ ሁሉን የሚመዘግብ ኮምፒውተር አለ። በኋላ ሲከፍቱት ልጁ እንዳለው ነው፤ ከቀደመው ዙር ዘግይቶ ነው የያዘው። እሱ ግን ኮምፒውተሩን አልጠበቀም።

እሁድ ተነሥቶ ተወዳደረ። 11ኛ ወጣ። ሰኞ ዳቦ ቤቱ ገባ።

እናንተስ? ከድሬ ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። መንገዱን በቃላችን እናውቀዋለን እንላለን። ቁልቁል ስትወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ የምትለቁትን አውቃለሁ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራችሁ ይነግረኛል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀት እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 80 ስትነዱ ደግሞ «እንዴ!» ብላችሁ እጃችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ሄዳችኋል። የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና ኩርባው ላይ ሲመጣ 22 ሜትር የላችሁም። ሄልሜቱን ደግሞ ክንዳችሁ ላይ ሳይሆን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉት፣ ማሰሪያውንም እሰሩት።

ይህን ሁሉ ሌላ ሰውም ይነግራችኋል። እኔ የምለምናችሁ ግን ወድቃችሁ ስትመጡ እውነቱን እንድትነግሩኝ ነው። «ቸኩዬ ነው»፣ «ስልክ እያየሁ ነው»፣ «ምርቃና ላይ ሆኜ ነው» በሉኝ። አልቆጣም። ያልተነገረኝን መጠገን አልችልም። እናንተም ያልተናገራችሁትን ጥፋት በሚቀጥለው ኩርባ ትደግሙታላችሁ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

22 ዓመቴ ነበር። አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አንድ የሐረር መምህር የኋላ ጎማ ሊያስቀይሩ መጡ። ጎማውን መለስኩ፣ ጎማው የሚዞርበትን ብረት፣ የፔርኖውን ዳዶ በእጄ አስገባሁ። በቁልፍ ላጠብቀው ስል ሰው ጠራኝ። ስመለስ ያጠበቅኩት መሰለኝ። ሰውየው ከፍለው ሄዱ። ማታ ጠረጴዛውን ስጠርግ ኮፒሊያውን አገኘሁት። ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ መምህሩ ደንገጎ ላይ መውደቃቸው ተሰማ። ትከሻቸው ተሰብሯል። ሞተሩ ስለተጨራመተ ማንም ልብ ብሎ አላየውም። አለቃዬ «አጥብቀኸው ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ሰው ሁሉ «በፍጥነት ነድተው ነው» አለ። እኔም ከሰው ጋር አልኩ።

ከሙጄሎ እንደተመለስኩ ሁለት ወር አቅማማሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሐረር ወጣሁ። በቡዳ በር ገብቼ ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁ። በጣም አርጅተዋል። ያን ሞተር እንደሸጡት፣ ከዚያ ወዲህም መሪ ይዘው እንደማያውቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሚስታቸው ከኋላቸው ተቀምጠው ነበር፤ ከአደጋው ሁለት ወር በኋላ ፅንስ እንደወረዳቸው፣ ያም ከድንጋጤ ነው ብለው እንደሚያምኑ እሳቸው ነገሩኝ።

ተናገርኩ። ከመጀመሪያው እስከ ኮፒሊያው።

መምህሩ «የትኛው ዳዶ?» አሉኝ።

«የኋላ ጎማ ፔርኖ።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሰማሽ?» አሉ። «እኔ አልነበርኩም።»