ስለ ቅሉም ጠይቁ

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ጉምሩክ ሠርቻለሁ። የማልነቃበት ዘዴ የለም ብዬ እኩራራ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን የአንድ ቅዱስ ታሪክ ሳነብ ቅል ላይ ተሸነፍኩ።

ሰውየው ዊሊባልድ ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ720ዎቹ መጀመሪያ ከአባቱና ከወንድሙ ከዊኒባልድ ጋር ሮም ሊሳለም ተነሣ። አባትየው መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ሚስቴንና ልጆቼን ለማን ትቼ አለ። ልጁ ወተወተው፤ ሄዱ። አባት ሮምን ሳያይ ጣልያን ውስጥ ሉካ ላይ ሞተ። ልጆቹ እዚያው ቀበሩት።

ዊሊባልድ ከባልንጀሮቹ ጋር ከሮም አልፎ ኢየሩሳሌም ደረሰ። ሶርያ ላይ ሰላይ ነህ ተብሎ ታስሯል። ሁለት ወር ዓይኑ ጠፍቶበታል። አንድ ቀን አንበሳ ሲያገሳባቸው፣ ሁለት ግመልና አንድ በቅሎ ይዞ አብሯቸው የነበረ “ኢትዮጵያዊ” አትፍሩ፣ እንሂድ አላቸው። (ያኔ ጥቁር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ስለነበር የኛ ሰው ነው ብዬ አልምልም። ደስ ግን ብሎኛል።)

ወደ ቅሉ ልመለስ። በለሳን የሚባለውን ውድ፣ መዓዛማ የዛፍ ሙጫ ገዝቶ ቅል ውስጥ ሞላ። ሸንበቆ ቆርጦ ነዳጅ ዘይት ጨመረበትና ከቅሉ አፍ እኩል አድርጎ ከተተው። ጢሮስ ወደብ ላይ ፈታሾቹ ጓዛቸውን አንድ ባንድ በረበሩ። ቅሉን ከፍተው አሸተቱ። ነዳጅ ነዳጅ ይላል። እለፉ አሏቸው። ቢያዝ ኖሮ ቅጣቱ ሞት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አሳልፈው ነበር።

ይህን ያወራው ራሱ ነው፣ ጀርመን አገር የአይሽቴት ጳጳስ ሆኖ ከሸመገለ በኋላ። ሁጌቡርክ የምትባል መነኩሲት አጠገቡ ተቀምጣ ጻፈችው። የነበረችበትን የሃይደንሃይም ገዳም የመሠረተው ዊኒባልድ ነው፤ እሱ በ761 ሲሞት እህታቸው ዋልቡርጋ ተረክባዋለች። መነኩሲቷ የገዛ ስሟን በምስጢር ፊደል ደብቃው፣ የተፈታው በ1931 ነው።

እናንተም አያታችሁ ቡና ላይ የስደት ወሬ ሲጀምሩ አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅረጹ። “ብቻ እንደምንም አለፍን” ሲሉ እዚያ ላይ አትተዉት። ምን ደብቀው ነበር? ማንን ዋሹ? ማን መንገድ ላይ ቀረ? ሁጌቡርክ ለጳጳስ አይመጥንም ብላ ቅሉን ብትዘለው ኖሮ እኔ ዛሬ ምን አነብ ነበር?

የኔ አባት አንድ ጣቱ የተጣመመ ነበር። ስጠይቀው “የጊዜው ነገር” ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅኩት።